የመጨረሻዋን ብስክሌት አትቅደም

ዶንዲባ በሃያ ሁለት ዓመት የሾፌርነት ዕድሜው ፍሬን እምቢ ብሎት ያውቃል፣ ጎርፍ መንገድ ቆርሶበት ያውቃል፣ የሰከረ ሠርገኛ ጭኖ ሲሰደብ አምሽቶም ያውቃል። መሪ ፊት ተቀምጦ መንገድ የፈራው ግን የዚያን ቀን ጠዋት ነው። መኪናዋ ደግሞ ገና ከግቢው አልወጣችም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ቁርስ ላይ ነው። ከፑኔ ተነሥተው፣ የባሕሩን ዳር ይዘው እስከ ጎዋ የሚወርዱት ሃያ ሦስት ብስክሌተኞች በማረፊያው ግቢ ቆመው በሽንኩርት የተጠበሰ ሩዛቸውን ሲበሉ፣ የጉዞው መሪ ሽሪካንት አጨበጨበና መንገዱ መቀየሩን ተናገረ። ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ የምታሻግረው ጀልባ ሞተሯ ተበላሽቷል። ስለዚህ በድልድዩ ይዞራሉ፣ በቬልዋዲ መንደር ያልፋሉ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥተው አናቱ ላይ ምሳ ይበላሉ።

"አይክፋችሁ፣ ቬልዋዲ ጥላ አለው፤ ሰዉም እንግዳ ወዳድ ነው" አለ ሽሪካንት።

እንግዳ ወዳድነታቸውን ዶንዲባ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቬልዋዲ ማለት ልጁ ሩቱጃ ከሰባት ሳምንት በኋላ የምትዳርበት መንደር ነው። የአማቶቿ ቤት ጓሮ ለጓሮ ተፈልጎ የሚገኝ ቤት ቢሆን ምን ነበረበት! ቀይ የድንጋይ አጥሩ ዋናውን መንገድ ተደግፎ የቆመ፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው የአላፊ አግዳሚውን ጺም የሚቆጥርበት ቤት ነው። በዚያ ቤት ዶንዲባ የሚታወቀው በሾፌርነት አይደለም። የአራት መኪና ባለቤት ነው።

ውሸቱን የጀመረው እሱ አልነበረም። አማቶቿ ልጅቷን ለማየት በመጡ ዕለት የሚስቱ ወንድም ሰውን ማስተዋወቅ እንደሚወድ ሰው ደረቱን ነፍቶ "ፑኔ ውስጥ መኪኖች አሉት" አለ። ዶንዲባ ሊያስተባብል አፉን ከፈተ። የሙሽራው አባት ግን ቀደም ብለው "ስንት?" ብለው ጠየቁ፤ የተከፈተው አፍም "አራት" አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ቤታቸውን ሊያይ ሲሄድ የአሠሪ ጌታውን ነጭ መኪና ለምኖ ሄደና "አዲሷ ናት" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ልጄ የሾፌር ልጅ ተብላ አማቷ ቤት አንገቷን እንዳትደፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። ጸሎቱ ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ እንዳይነጋ ነበር።

ሽሪካንትን ነጠል አድርጎ ለመነው።

"አለቃ፣ ዛሬ የፊተኛውን መኪና እኔ ብይዘውስ?"

"ምነው? አመመህ?"

"አይ፣ ዓይኔን ትንሽ… አቧራው።"

"ዓይንህን ካመመህማ ፊት መሆንህ ጭራሽ ደግ አይደለም" አለ ሽሪካንት። "ደግሞ ያ የፊተኛው ሾፌር ኋላ መሆን አይችልበትም። አምና በክላክስ አንዷን አስለቅሶ ነው የመለሰልን። ለኋላ የተፈጠርከው አንተ ነህ!"

ሙገሳ አንዳንዴ እንዲህ ጥፊ ሆኖ ይመጣል። ከቡድኑ ጋር የሚሄዱት መኪኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ወጥ ሠሪውንና ድስቱን ይዞ ፊት ፊት ይሮጣል። የዶንዲባ ሚኒባስ ግን ፖርቶመጋላው ላይ መለዋወጫ ብስክሌቶች ጭኖ፣ ውሃና ሙዝ ይዞ፣ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ ይሄዳል። ሕጉ አጭር ነው፤ የመጨረሻዋን ብስክሌት አትቅደም፣ ከዓይንህም አታርቃት። ከጥቂት ዓመት በፊት በሌላ ቡድን አንድ ሰው ቁልቁለት ላይ ገደል ገብቶ፣ መጉደሉን ሰው ያወቀው ሌሎቹ ምሳ በልተው ሲቆጠሩ ነው። ዶንዲባ በአሥራ አንድ ዙር ጉዞ አንድም ሰው ከዓይኑ ጠፍቶበት አያውቅም፤ በዚህ ይኮራል። ሌላ የሚኮራበት ነገር ብዙም አልነበረውም።

ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፋ፣ የአቧራ ጭንብል አጠለቀ፣ ጥቁር መነጽር ሰካ። ለሸሚዙ ግን መላ አጣ። ቢጫ ነው፤ ጀርባው ላይ "ረዳት" የሚል ጽሑፍ አለው፣ ፊደሉ ሰሐን ሰሐን ያህላል፤ ማውለቅም ክልክል ነው። የመኪናዋ ጎን ላይ ደግሞ የጌታው ስም በቀይ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ተንጋሏል።

"ዶንዲባ፣ ምን ሆነሃል? ባንክ ልትዘርፍ ነው?" አሉት ማዳም ኩሱም ብስክሌታቸው ላይ እየወጡ።

የመጨረሻዋ ብስክሌት የማዳም ኩሱም ናት። ከጉዞው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው የመጨረሻ ሆኖ አያውቅም። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። ብስክሌታቸው ፊት ቅርጫት አለው፤ ቅርጫቱ ውስጥ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና የተላጠ ብርቱካን አይጠፋም። ወፍ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። ፍየል ካዩ ደግሞ ቆመው ያዋራሉ።

በሰዓት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። ዶንዲባ ቁጥሩን ከፊቱ እያየ፣ እግሩን ከፍሪሲዮን ሳያነሣ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መካከል ታስሮ ሄደ። በቀኙ ባሕሩ እስከ ሰማይ ድረስ ተከፍቶ ተዘርግቷል፤ ለዓይን እንጂ ለጎማ የማይሆን ስፋት። በግራው ድንጋይ። ከፊቱ ቅርጫት ያላት ብስክሌት። ከኋላው አውቶቡስ እየጮኸበት። ሰው ወደ ፈራው ቦታ ሲሄድ ቢያንስ በፍጥነት ሄዶ ይገላገላል፤ እሱ ግን በጉንዳን እርምጃ እየተጎተተ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት እንኳ እንዲህ ቀስ ብሎ ይደርሳል አይልም።

ድልድዩን ሲሻገሩ አጠገባቸው ደርሶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ማዳም፣ ፀሐዩ በረታ። ትንሽ መኪና ውስጥ አረፍ ቢሉስ? ብስክሌትዎን ላይ እጭነዋለሁ።"

"ለምን? ሞትኩ?"

"ኧረ ይጠብቅልን! ለጉልበትዎ አስቤ ነው።"

"ጉልበቴ ያንተ ነው?" አሉ፣ ወደ ፊት እያዩ። "መኪና ውስጥ መቀመጥ ብፈልግ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጄ ይነዳኝ ነበር።"

ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ሞከረ። በዚህኛው አፍሮ ነበር፤ ቢሆንም ሞከረ።

"ማዳም፣ ከፊት ያለው መንገድ ተቆፍሯል አሉ። ለብስክሌት አይሆንም።"

"ተቆፍሮ ከሆነ ወርጄ እገፋለሁ። ሃያ ሁለቱ ያለፉበትን እኔ አላልፍም? ዛሬ ምን ነካህ አንተ? እስከ ዛሬ ዝም ብለህ ነበር የምትከተለኝ፤ ዝምታህን ነበር የምወድልህ።"

ዶንዲባ መስኮቱን ዘጋ። ውሸት የለመደ አፍ ደንበኛ አይመርጥም ብሎ ራሱን ሰደበ። ይህችን ሴትዮ ጎዋ ድረስ በሰላም ሊያደርስ ቃል ገብቶ፣ ለራሱ ጉድ መሸፈኛ ሲል ከመንገዳቸው ሊያወርዳቸው ነበር።

ቬልዋዲ በማንጎ ዛፎች መካከል ብቅ አለች። ምናልባት በቀን እንቅልፍ ሰዓት ብናልፍ፣ ምናልባት በረንዳው ላይ ሰው ባይኖር፣ ምናልባት ቀና ሳይሉ ቢያልፉ እያለ መጣ። የቀዩ አጥር በር ላይ ሲደርሱ ግን የሆነው ሌላ ነው። የሩቱጃ የወደፊት አማት አቶ ቪሽራም ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መንገዱ ዳር ገበታ ዘርግተው ቆመዋል። በሁለት ትልልቅ ማሰሮ የኮኩም ፍሬ ጭማቂ፣ ቀይ እንደ ወይን። ለሃያ ሁለቱ ቀድተው ሸኝተዋል፤ አሁን የሃያ ሦስተኛዋን ብርጭቆ እያጠቡ ነው።

ማዳም ኩሱም "እሰይ!" ብለው ወረዱ።

ዶንዲባ አርባ እርምጃ ያህል ኋላ ቆመ። መቅደም አይችልም፣ ሕግ ነው። ወደኋላ እንዳይል አውቶቡሱ ተለጥፎበታል። መሪው ሥር ሰመጥ አለና አውቶቡሱ ጠምዝዞ ሲያልፈው እንኳ ቀና አላለም። በመስታወቱ ውስጥ ማዳም ኩሱም በጣታቸው ወደ እሱ ሲጠቁሙ አየ።

"ሾፌራችን እዚያ አለ። እኔን ሲጠብቅ ጉሮሮው ደርቋል፣ ምስኪን።"

አቶ ቪሽራም ልጅ ልከው አላስጠሩትም። ብርጭቆውን ሞልተው ራሳቸው ይዘው መጡ፣ እንዳይፈስ ዓይናቸውን ብርጭቆው ላይ አድርገው፣ አንድ በአንድ እየረገጡ። መስኮቱን አንኳኩ።

"እንካ ወንድሜ፣ ያን ነገር ከአፍህ አውልቅና ጠጣ።"

በጭንብል ላይ ጭማቂ የጠጣ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ደጁ ላይ የቆመን ሰው ብርጭቆ መመለስ ደግሞ በዚያ አገር ፊት ላይ ከመትፋት አይለይም። ዶንዲባ ጭንብሉን አወለቀ። መነጽሩ አብሮ ተነቀለ።

"ዘመዴ!" አሉ አቶ ቪሽራም። "እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"እኔ ነኝ" አለ ዶንዲባ። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። "ሾፌሬን ድንገት አመመውና፣ ሰዉ መንገድ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ፣ እኔው ያዝኩት። ባለቤት ሲሆኑ እኮ እንዲህ ነው።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማን እንዳስጨመረው እሱም አያውቅም። አቶ ቪሽራም ዓይናቸው በመኪናዋ ጎን ላይ በተጻፈው ስም ላይ ሄደ፣ ወደ ቢጫው ሸሚዝ ተመለሰ፣ ከዚያ መሬቱን አየ።

"ልክ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ባለቤት ብዙ ጣጣ አለበት። ይግቡ እንግዲህ፣ ቤትዎ ነው። ማንዳ! ማንዳ! ማን እንደመጣ ተመልከች!"

ሚስታቸው ወይዘሮ ማንዳ እጃቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ ወጡና እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም። ዓሣው በኮኮናት ተሠርቶ ወርዷል፣ ሩዙ ደርሷል። ዶንዲባ እጁን እየተጎተተ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ማንዳ ለማዳም ኩሱም በኩራት አስተዋወቁት።

"የልጃችን አማት ናቸው። የእነዚህ መኪኖች ባለቤት።"

ማዳም ኩሱም የያዙትን ብርጭቆ ዝቅ አደረጉ። መስኮት የሰበረውን ተማሪ ከመቶ ልጅ መካከል የሚለዩ ዓይኖች ዶንዲባ ላይ አረፉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ሥራ ላይ የቆየ ዓይን ነው።

"ባለቤቱ!" አሉ። "እኔ ደግሞ ለካ ከጠዋት ጀምሮ በባለቤት ነው የምጠበቀው። ይህ ክብር ለኔ ይበዛል።" የራስ ቁራቸውን ደፉ። "እንግዲህ ተረጋግተው ይብሉ፣ አይቸኩሉ። እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደም። ባለቤት ከምሳው አይነሣም።"

"ማዳም፣ እባክዎ ትንሽ ይጠብቁኝ!"

"ፀሐዩ በረታ ሲሉኝ አልነበር?" ብለው ብስክሌታቸው ላይ ወጡና ሄዱ።

የሙዝ ቅጠሉ ከፊቱ ተነጠፈ። ሩዙ ፈሰሰ፣ ወጡ ሩዙ ላይ ፈሰሰ፣ ትልቁ የዓሣ ቁራጭ ለእሱ ተመረጠ። ከቀረበ ቅጠል ላይ ሳይቀምሱ መነሣት፣ ያውም ልጅ ከሰጡበት ቤት! ዶንዲባ በዚያ አገር ስንት ጋብቻ ከዚህ ባነሰ ነገር ሲፈርስ አይቷል። እጁን ወደ ሩዙ ዘረጋ። ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ ነው። ቅርጫቷ በማንጎዎቹ መካከል ትታያለች፣ ትጠፋለች፣ ትታያለች። ከመንደሩ መውጫ ጀምሮ ዳገት ነው፤ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ከላይ ፍሬናቸው እያፏጨ የሚወርዱበት፣ ከጠመዝማዛው ወዲያ ማዶ የማይታይበት ዳገት።

ቅርጫቷ ጠፋች። ደግማ አልታየችም።

ስልኩ ጮኸ። ሽሪካንት ነው፤ ድምፁ በረንዳው ሁሉ ላይ ተሰማ።

"ዶንዲባ፣ የመጨረሻዋ የት ደርሳለች? እያየሃት ነው?"

ዶንዲባ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፋው።

"ሠራተኛዎ ነው?" አሉ አቶ ቪሽራም። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። "ሌላ መኪና ልኮ ያስጠብቃት ይበሉታ። አራት አይደሉ?"

ዶንዲባ የሞት ሞቱን ፈገግ አለ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ቢቀመጥ ባለቤት ሆኖ ይበላል፣ የልጁ ትዳርም እንደቆመ ይቆማል፤ አንዲት ሴትዮ ግን ያለ ጠባቂ ዳገቱን ይወጣሉ። ቢነሣ ቤቱን አዋርዶ ይሄዳል። ባለቤት ቁጭ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ከተቀዳ ምሳ ላይ መነሣት ያለበት ሾፌር ብቻ ነው። ከጠመዝማዛው ወዲያ የድንጋይ መኪና ክላክስ ረጅም ጮኸ።

ዶንዲባ ሳያስበው ቆሞ ራሱን አገኘው። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ ነበር።

"ሾፌር ነኝ" አለ።

ወይዘሮ ማንዳ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ።

"አራት መኪና የለኝም። አንድም የለኝም። ያቺም ነጯ የጌታዬ ናት፤ አጥቤ ነው ያመጣኋት። ሴትዮዋ ከዓይኔ ጠፍተዋል፣ እሳቸውን መጠበቅ ነው ሥራዬ፣ መሄድ አለብኝ። ምግባችሁን ንቄ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጄ የለችበትም። የፈለጋችሁትን በእኔ አድርጉት፣ እሷን ግን…"

አቶ ቪሽራም ከረጅም ጊዜ በኋላ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ።

"ይህችን ቃል ስምንት ወር ጠበቅናት" አሉ።

"ምን?"

"ንገሪያቸው እንጂ" አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

ወይዘሮ ማንዳ ጭልፋውን አስቀመጡ። "ልጅቷን ልናይ የመጣን ዕለት ነው። ሻዩን አቅርባልን ብርጭቆ ልታጥብ ስትገባ፣ የእጇን ሥራ ልይ ብዬ ተከተልኳት። ዞራ እንኳ አላየችኝም፣ እያጠበች ነው የነገረችኝ። 'አባቴ የሰው መኪና ነው የሚነዳው። አራት ያለው ለኔ ፈርቶልኝ ነው። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝና በሰላም ሂዱ። የሚሆንላችሁ ከሆነ ግን እሱ ራሱ እስኪነግራችሁ የምታውቁ አትምሰሉ። ሰው ከነገረበት ይሰበርብኛል' አለችኝ።" አፍንጫቸውን ሳቡ። "እዚያው ማጠቢያው ላይ ነው ልጄ ያደረግኳት። ባሌ ደግሞ ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያለ፣ በተገናኛችሁ ቁጥር ስለ መኪና የሚጠይቅዎ እኮ በር ሊከፍትልዎ ነበር።"

ዶንዲባ አንድ ነገር ሊል ፈለገ። ምናልባት ይቅርታ፣ ምናልባት ምስጋና። አፉ ለውሸት ምንኛ ፈጣን ነበር፤ አሁን ግን ወይ ፍንክች።

"ይሂዱ እንጂ ሰውዬ!" ጮኹ አቶ ቪሽራም። "እዚህ ቆመው ሲያለቅሱብን ሴትዮዋን መኪና ይግጫቸው?"

ሮጠ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ጋቢና ውስጥ ዘሎ ገባና ማርሹን መታው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደረሰባቸው፤ ማዳም ኩሱም ከብስክሌታቸው ወርደው፣ የመንገዱን ጥግ ይዘው፣ ዳገቱን እየገፉ ነው። ምንም አልሆኑም። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ዞር ብለው አዩት፣ ፊቱን አዩ፣ ሊሉት ያሰቡትን ዋጡና መግፋታቸውን ቀጠሉ።

ዶንዲባ ከኋላቸው ገባና ፍሬቻውን አበራ። አሁን አሥራ ሁለትም አይደለም፤ በሰው እርምጃ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ልጁን የሸፈናት መስሎት ሲዋሽ ሸፋኟ እሷ ነበረች። እሱ በየቤቱ ሲቀባጥር፣ እሷ ከኋላው ሆና እንዳይወድቅ ስትጠብቀው ነበር። ይህን ሲያስብ ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጦ፣ ማንም የማያየው ቦታ ድረስ መብረር አማረው። ግን መቅደም አይችልም። መንገዱ ኮረብታውን ዞሮ ከመንደሩ በላይ ስለሚመለስ ደግሞ ቀዩ አጥር ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ባልና ሚስቱ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፣ አይገቡም። ዳገቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነበር። ዶንዲባ እስኪያልቅ ድረስ አለቀሰ።